ኢንሹራንስ አለኝ፤ ሐኪሙ ግን አይቀበለውም

አሜሪካ ውስጥ ኢንሹራንስ ያለው ሰው የፈለገው ሐኪም ጋ ሄዶ መታከም የሚችል ይመስለዋል። ካርዱ ኪሱ ውስጥ ነው። ክፍያው በየደሞዙ ይቆረጣል። ከዚያ ክሊኒክ ሲደውል «ይቅርታ፣ የእርስዎን ኢንሹራንስ አንቀበልም» ይሉታል። ይባስ ብሎ አንዳንዱ ሰው ታክሞ፣ ድኖ፣ ነገሩን ከረሳው በኋላ የሺዎች ዶላር ቢል በፖስታ ይደርሰዋል።

በካርዱና በሕክምናው መሀል ያለው ነገር ኔትወርክ ይባላል። ኔትወርኩ ካልሠራ ኢንሹራንስ መያዝና ሕክምና ማግኘት ለየቅል ናቸው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በዚህ ጉዳይ ላይ ጥሩ ጥሩ ሕጎች ወጥተዋል። ከወገኖቻችን ብዙው ግን አያውቃቸውም። የማያውቃቸው ደግሞ መክፈል የማይገባውን ይከፍላል፤ ወይም ሕክምናውን ይተወዋል። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል።

ከመሠረቱ እንጀምር። ኔትወርክ ማለት ኢንሹራንስ ኩባንያው ውል የገባላቸው ሐኪሞች፣ ሆስፒታሎች፣ ላቦራቶሪዎችና ፋርማሲዎች ናቸው። ኩባንያው ሐኪሙን «ደንበኞቼን ወደ አንተ እልካለሁ፤ አንተ ደግሞ ዋጋ ቀንስልኝ» ይለዋል። መርካቶ ላይ በጅምላ የሚገዛ ነጋዴ ዋጋ እንደሚያስቀንሰው ነው። ለአንድ ምርመራ 1,000 ዶላር የሚጠይቅ ሐኪም በውሉ መሠረት 400 ሊቀበል ይስማማል እንበል። ቀሪውን 600 ከታካሚው መጠየቅ አይችልም። ውሉ ይከለክለዋል።

ውል የሌለው ሐኪም ግን የሚያስረው ነገር የለም። ኢንሹራንሱ 400 ብቻ ከፍሎ ቢያቆም፣ ወይም ጭራሽ ምንም ባይከፍል፣ የተረፈው ታካሚው ላይ ይወድቃል። የብዙ ሰው ዕዳ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ፕላኖች የሚለያዩትም በዚሁ ነው። ኤችኤምኦ ከኢመርጀንሲ በቀር ከኔትወርክ ውጭ አይከፍልም። ስፔሻሊስት ለማየትም ብዙውን ጊዜ ከፕራይመሪ ኬር ሐኪማችሁ፣ ማለትም መጀመሪያ ከምታዩት መደበኛ ሐኪማችሁ፣ ሪፈራል (የመላኪያ ወረቀት) ይጠይቃል። ፒፒኦ ውጭም ይከፍላል፤ ግን ትንሽ። ኢፒኦ የሚባለው ብዙ ሰው ያሳስታል። ሪፈራል ስለማይጠይቅ ፒፒኦ ይመስላል፤ ከኔትወርክ ስትወጡ ግን እንደ ኤችኤምኦ ሙሉውን ለእናንተ ይተወዋል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ኦባማኬር የሚባለው የጤና ኢንሹራንስ ሕግ በዓመት ከኪሳችሁ ለምትከፍሉት ገንዘብ ጣሪያ አስቀምጧል። ለ2025 ጣሪያው ለአንድ ሰው 9,200፣ ለቤተሰብ 18,400 ዶላር ነበር። ይህ ጣሪያ የሚሠራው ግን በጥቅሉ ኔትወርክ ውስጥ ለተደረገ ሕክምና ነው። ውጭ የወጣው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ አይቆጠርም። «ጣሪያውን ሞልቻለሁ፣ ከእንግዲህ አልከፍልም» ብሎ ተማምኖ ውጭ የታከመ ሰው ከባድ ድንጋጤ ይጠብቀዋል።

ኔትወርኮች ለምን ጠበቡ?

ኩባንያዎች ወጪ ለመቀነስ ድሮ ይጠቀሙበት የነበረው መንገድ የታመመን ሰው አለመቀበል ነበር። ስኳር አለብህ፣ ልብህን ታመሃል፣ ሂድ ይሉት ነበር። በ2010 የወጣው ኦባማኬር ይህን አስቀረ። ከ2014 ጀምሮ በሽታ አለበት ብሎ ሰውን መመለስም ሆነ ዋጋ መጨመር ተከለከለ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የስንቱን ቤት እንዳዳነ ሁላችንም እናውቃለን።

ለኩባንያዎቹ ከቀሯቸው ጥቂት መሣሪያዎች አንዱ ኔትወርኩ ነው። ውድ የሆኑትን ሆስፒታሎች ከዝርዝሩ ያወጡና ወርሃዊ ክፍያውን ያወርዳሉ። በኦባማኬር በተቋቋመው የኢንሹራንስ ገበያ (ማርኬትፕሌስ) ላይ ርካሽ ፕላን ስታዩ የረከሰበት ምክንያት ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ነው። ይህ ሁልጊዜ መጥፎ ነው አልልም። ለጤነኛ ሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ጠባብ ኔትወርክ ሊበቃው ይችላል። ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው፣ ኩላሊታቸውም የደከመ እናት ግን ሦስት ስፔሻሊስት ያስፈልጋቸዋል። ከሦስቱ አንዱ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ርካሹ ፕላን ከሁሉም የከፋ ውድ ይሆናል።

ሕግ አውጪዎች ለዚህ ሁለት መንገድ ሞክረዋል።

አንደኛው መንገድ «ዋጋውንና ውሉን የተቀበለ ማንኛውም ሐኪም ኔትወርክ ውስጥ ይግባ፤ ኩባንያው መርጦ አይከልክል» የሚል ነው። በርካታ ስቴቶች እንዲህ ዓይነት ሕግ አላቸው፤ አንዳንዶቹ ለፋርማሲ ብቻ ወስነውታል። ኬንተኪ ሕጉን ስታወጣ ኩባንያዎቹ ከሰሱ። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2003 ዳኞቹ በአንድ ድምፅ ለስቴቱ ፈረዱ። ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ደግሞ ጉዳዩ በቀጥታ ለሕዝብ ቀረበ። በኅዳር 2014 ምርጫ ሕዝቡ በሰፊ ልዩነት አጸደቀው። በዚያ ስቴት ያሉት ሁለቱ ትልልቅ የሆስፒታል ድርጅቶች የራሳቸው ኢንሹራንስ ነበራቸው። ሰው የእነሱን ኢንሹራንስ ገዝቶ ሌላ ሐኪም ዘንድ መታከም አለመቻሉ አስመርሮታል።

ተቃዋሚዎቹም የሚሉት ነገር አላቸው፤ ችላ ሊባል አይገባም። ማንም መግባት ከቻለ ኩባንያው «ታካሚ እልክልሃለሁ» ብሎ ዋጋ ማስቀነስ አይችልም። ታካሚው ለሁሉም ይበተናልና ቃሉ ዋጋ ያጣል። ቅናሹ ሲቀር ወርሃዊ ክፍያው ይወጣል። እኔ በዚህ ክርክር ልቤ ወደ ታካሚው ቢያደላም፣ ሕጉ ብቻውን መፍትሔ ነው ብዬ አላምንም። ፈቃደኛ የሆነው ሐኪም ይግባ ማለት፣ ፈቃደኛ ሐኪም በሌለበት ከተማ ምንም አይፈይድም።

ሁለተኛው መንገድ ይሻላል ብዬ የማስበው ለዚህ ነው። ማን ይግባ የሚለውን ትቶ «ኔትወርኩ ሰዉን ያክማል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ከቤት እስከ ሐኪሙ ስንት ማይል ነው? ስንት ደቂቃ ይነዳል? ቀጠሮ በስንት ቀን ይገኛል? ኦባማኬር በገበያው የሚሸጡ ፕላኖች በቂ ሐኪም እንዲኖራቸው ያዛል። ቴክሳስን በመሳሰሉ በፌዴራሉ ገበያ በሚገለገሉ ስቴቶች ከ2025 ጀምሮ የቀጠሮ ገደብ ተቀምጧል። ለመደበኛ የፕራይመሪ ኬር ቀጠሮ 15 የሥራ ቀን፣ ለአእምሮ ጤና 10፣ አስቸኳይ ላልሆነ ስፔሻሊስት 30 ነው። ካሊፎርኒያ ቀደም ብላ የራሷን አውጥታለች። እዚያ ፕራይመሪ ኬር በ10፣ ስፔሻሊስት በ15 የሥራ ቀን ውስጥ መገኘት አለበት።

ይህ ቁጥር ለኩባንያው ብቻ የተጻፈ አይደለም። እናንተም ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ለልጃችሁ የነርቭ ሐኪም ፈልጋችሁ ኔትወርኩ ውስጥ ያሉት ሁሉ «ከአምስት ወር በኋላ» ካሏችሁ ኢንሹራንሱ ጋ ደውሉ። «በኔትወርካችሁ ውስጥ በጊዜው ሊያይልኝ የሚችል ሐኪም የለም። ውጭ ያለውን ሐኪም በኔትወርክ ዋጋ ፍቀዱልኝ» በሉ። ይህ ጥያቄ በወጉ የሚስተናገድበት አሠራር አለ። ሜሪላንድ ውስጥ እንዲያውም በሕግ የተጻፈ ነው። ተገቢው ስፔሻሊስት ኔትወርኩ ውስጥ ከሌለ፣ ወይም ያለ አግባብ ካራቀ ወይም ካዘገየ፣ ኩባንያው ውጭ እንድትታከሙ የሚፈቅድበት ሥርዓት ሊኖረው ግድ ነው። የምትከፍሉትም የኔትወርኩን ድርሻ ነው። ፈቃዱ ግን ከሕክምናው በፊት፣ በጽሑፍ ይሁን። ከታከሙ በኋላ መከራከር ሌላ ጣጣ ነው።

ዝርዝሩ ላይ ያሉ፣ ግን የማይገኙ ሐኪሞች

ኔትወርኩ በወረቀት ላይ ሰፊ ሆኖ በተግባር ባዶ ሊሆን ይችላል። ኩባንያው ድረ ገጽ ላይ የሐኪሞች ዝርዝር አለ። ስትደውሉ አንዱ ጡረታ ወጥቷል። አንዱ ሌላ ስቴት ሄዷል። አንዱ አዲስ ታካሚ አይቀበልም። የአንዱ ስልክ ጭራሽ አይሠራም። በ2023 የሴኔቱ የፋይናንስ ኮሚቴ ሠራተኞች እንደ ታካሚ ሆነው ሞክረውት ነበር። በስድስት ስቴቶች በሚገኙ የሜዲኬር አድቫንቴጅ (በግል ኩባንያ የሚሸጥ የአዛውንቶች ኢንሹራንስ) ፕላኖች ዝርዝር ውስጥ ለአእምሮ ጤና 120 ቦታ ደወሉ። ቀጠሮ ማግኘት የቻሉት ከመቶ 18ቱን ብቻ ነው። እስቲ አስቡት። በድብርት ተይዞ ከአልጋ መነሳት ያቃተው ሰው ነው አምስቴ ስድስቴ ደውሎ ተስፋ የሚቆርጠው።

በ2020 መጨረሻ የጸደቀው፣ ከጥር 1፣ 2022 ጀምሮ የሚሠራው ኖ ሰርፕራይዝስ አክት፣ ታካሚን ካልታሰበ ቢል የሚጠብቀው የፌዴራል ሕግ፣ ይህን ነገር ነክቶታል። ኩባንያዎች ዝርዝራቸውን ቢያንስ በየ90 ቀኑ ማጣራት አለባቸው። ደንበኛ ደውሎ «ይህ ሐኪም ኔትወርክ ውስጥ ነው?» ብሎ ከጠየቀ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ መመለስ አለባቸው። ዋናው ደግሞ ይህ ነው፦ ዝርዝሩ ተሳስቶ፣ እናንተም እሱን አምናችሁ ከታከማችሁ፣ የምትከፍሉት የኔትወርኩን ድርሻ ብቻ ነው። ስሕተቱ የእነሱ ነው፤ ዕዳውም የእነሱ።

ስለዚህ ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት የሐኪሙን ስም የያዘውን ገጽ በስልካችሁ ስክሪንሾት አንሱት፤ ቀኑ ይታይ። ኢንሹራንሱ ጋ ስትደውሉ ያነጋገራችሁን ሰው ስምና የጥሪውን ቁጥር ጻፉ። ክሊኒኩ ጋ ደግሞ «ይህን ኢንሹራንስ ትቀበላላችሁ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። «አዎ፣ እንቀበላለን» ማለት «ቢል እንልክላቸዋለን» ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል። አንዱ ኩባንያም ብዙ ኔትወርክ አለው። ካርዱ ላይ ያለውን የፕላን ስም አንብቡላቸውና «በዚህ ፕላን ኔትወርክ ውስጥ ናችሁ?» በሉ።

ያልታሰበ ቢል

አንድ ጎረቤቴ የሆኑ አባት የቡአ ኦፕሬሽን ተደርጎላቸው ነበር። ሆስፒታሉ ኔትወርክ ውስጥ ነው። ኦፕሬሽኑን የሠራው ሐኪምም እንደዚያው። ሁሉን አስቀድመው ጠይቀዋል። ከዚያ ሦስት ፖስታ መጣላቸው። ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ሴት ልጄ በክሬዲት ካርዷ ልክፈልልህ አለችኝ።»

«አባባ፣ ትቆይ። እስቲ አንድ በአንድ እንየው።»

የመጀመሪያው ወረቀት ከኢንሹራንሱ የመጣ ነው። አናቱ ላይ በትልቁ «ይህ ቢል አይደለም» ይላል። ማን ስንት ጠየቀ፣ ኢንሹራንሱ ስንት ከፈለ፣ የእርስዎ ድርሻ ስንት ነው የሚል ማብራሪያ ነው። በዚህ ወረቀት ላይ ተመሥርቶ ማንም ሰው ገንዘብ መላክ የለበትም። ሁለተኛው የሆስፒታሉ ቢል ነው፤ ከማብራሪያው ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ሦስተኛው ግን ስማቸውን እንኳ ከማያውቁት ከማደንዘዣ ሐኪም የመጣ ነው። ማደንዘዣ ሐኪሙ ኔትወርክ ውስጥ አልነበረም። ሙሉ ዋጋውን ጠይቋቸዋል። እሳቸው ደግሞ ተኝተው ነበር። መርፌውን የሚወጋቸውን ሰው ማን እንዲመርጡ ጠየቃቸው?

ኖ ሰርፕራይዝስ አክት የተጻፈው እንዲህ ላለው ሰው ነው። ኔትወርክ ውስጥ ባለ ሆስፒታል ስትታከሙ የማደንዘዣ ሐኪም፣ ራጅ የሚያነብ ሐኪም፣ የፓቶሎጂና የላቦራቶሪ ባለሙያ ከኔትወርክ ውጭ ቢሆኑም ከኔትወርኩ ድርሻ በላይ ሊያስከፍሏችሁ አይችሉም። የቀረውን ከኢንሹራንሱ ጋር ራሳቸው ይጨራረሱ። ካልተስማሙ ገላጋይ ወገን ይወስንላቸዋል። እናንተ በመሀል የላችሁበትም። ጎረቤቴ ኢንሹራንሱ ጋ ደወሉ፤ ቢሉ እንደገና ተሠራ፤ የእሳቸው ድርሻ አስቀድመው ከከፈሉት አላለፈም። ከፍለውት ቢሆን ግን ገንዘቡን ለማስመለስ የሚወስደው ጊዜና ልፋት ቀላል አልነበረም።

ኢመርጀንሲም እንደዚሁ ነው። ደረቱን ያመመው ሰው የትኛው ሆስፒታል ኔትወርክ ውስጥ እንደሆነ ሲፈልግ መሞት የለበትም። የቅርቡ ጋ ይሂድ። ኢንሹራንሱ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ አይችልም፤ ከኔትወርኩ ድርሻ በላይም አይከፈልም። በኋላ «የልብ ድካም አልነበረም፣ ጨጓራ ነው» ቢባል እንኳ የሚታየው ሲመጣ የነበረው ምልክት ነው። ማንኛውም አስተዋይ ሰው ይሠጋ ከነበረ በቂ ነው። ኢንሹራንስ የሌለውን ሰው ደግሞ ከ1986 ጀምሮ ያለ ሌላ ሕግ ይጠብቀዋል። የሆስፒታል ኢመርጀንሲ ክፍል ሳይመረምረውና ሳያረጋጋው ሊያባርረው አይችልም።

እዚህ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ። አንደኛው አምቡላንስ ነው። ኖ ሰርፕራይዝስ አክት በአየር የሚሄደውን ሸፍኖ በመንገድ የሚሄደውን ትቶታል። አብዛኛው ሰው የሚሄደው በመንገድ ነው፤ ሕግ አውጪዎቹ ይህን ሳያስተካክሉ ዓመታት ማለፋቸው ያሳዝናል። የራሳቸው ሕግ ያላቸው ስቴቶች አሉ፤ ግን ሁሉም አይደሉም። ሁለተኛው ኧርጀንት ኬር የሚባለው ክሊኒክ ነው። ብዙ ሰው ከኢመርጀንሲ ጋር አንድ ያደርገዋል። ጥበቃው በጥቅሉ እሱን አይጨምርም። ኧርጀንት ኬር ከመግባታችሁ በፊት ኔትወርኩን ጠይቁ።

ሌላው ጥንቃቄ የሚፈልገው ነገር ፊርማ ነው። ኔትወርክ ውስጥ ባለ ሆስፒታል፣ ከኔትወርክ ውጭ የሆነ ቀዶ ሐኪም «መብቴን ትቻለሁ፣ ሙሉውን እከፍላለሁ» የሚል ቅጽ ሊያስፈርማችሁ ይችላል። ቅጹ በመርህ ከ72 ሰዓት በፊት መድረስ አለበት፤ ቀጠሮው በዚያው በሕክምናው ቀን የተያዘ ከሆነ ከሕክምናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት በፊት። በአካባቢው በብዛት በሚነገሩ 15 ቋንቋዎችም መቅረብ አለበት፤ የእናንተ ቋንቋ ከሌለ አስተርጓሚ መቅረብ አለበት። ለኢመርጀንሲ፣ ለማደንዘዣ፣ ለራጅና ለላቦራቶሪ ጭራሽ ማስፈረም አይቻልም። መግቢያው ላይ በታብሌት ፈርሙ ፈርሙ ሲሏችሁ ምን እንደሆነ ጠይቁ። ያለመፈረም መብት አላችሁ። በዚህ ሕግ ላይ ቅሬታ ካላችሁ የፌዴራሉ መንግሥት የእርዳታ መስመር 1-800-985-3059 ነው።

ሐኪማችሁ ከኔትወርክ ሲወጣ

አማርኛ የሚናገር ሐኪም ያገኘ ሰው በቀላሉ አይለቅም። ሕመምን በእናት ቋንቋ መናገር ሌላ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ደብዳቤ ይመጣል፦ ሐኪማችሁ ከዚህ ወር ጀምሮ በኔትወርካችን የለም። ኩባንያውና ሆስፒታሉ በዋጋ ሳይስማሙ ውሉ ፈርሷል። የሁለት ትልልቆች ጠብ ነው፤ የሚጎዳው መሀል ያለው ታካሚ ነው።

እርጉዝ ከሆናችሁ፣ ለከባድ በሽታ እየታከማችሁ ከሆነ፣ ሆስፒታል ተኝታችሁ ከሆነ፣ ወይም አስፈላጊ ኦፕሬሽን ቀጠሮ ተይዞላችሁ ከሆነ ይኸው ኖ ሰርፕራይዝስ አክት እስከ 90 ቀን ድረስ በዚያው ሐኪም፣ በዚያው ዋጋ እንድትቀጥሉ ያስችላችኋል። ኩባንያው ይህን ሊያሳውቃችሁ ይገባል። ኬሞ ላይ ላለ ሰው 90 ቀን አይበቃም፤ ግን ሌላ ሐኪም ለመፈለግ ጊዜ ይሰጣል። ሐኪሙ የተባረረው በጥራት ጉድለት ወይም በማጭበርበር ከሆነ ግን ይህ አይሠራም።

የማን ሕግ ነው የሚገዛችሁ?

ይህ ክፍል አሰልቺ ሊመስል ይችላል፤ ግን ብዙ ነገር የሚወሰነው እዚህ ነው። በሥራ ቦታችሁ በኩል ኢንሹራንስ ካላችሁ ካርዱ ላይ የታወቀ ኩባንያ ስም ይኖራል። ሆኖም ብዙ ትልልቅ አሠሪዎች ኢንሹራንስ አይገዙም። የሠራተኛውን ሕክምና ከራሳቸው ካዝና ይከፍላሉ። ካርዱ ላይ ስሙ ያለው ኩባንያ ወረቀቱን ብቻ ይሠራላቸዋል። በአሜሪካ በሥራ በኩል ኢንሹራንስ ካለው ሠራተኛ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእንዲህ ዓይነት ፕላን ውስጥ ነው።

በ1974 የወጣው ኢሪሳ የሚባል የፌዴራል ሕግ እነዚህን ፕላኖች ከስቴት የኢንሹራንስ ሕግ ውጭ ያደርጋቸዋል። ይህ ማለት ስቴታችሁ ያወጣው ግሩም የኔትወርክ ሕግ እናንተን ላይመለከት ይችላል። በአንድ ሕንፃ የሚሠሩ፣ አንድ ዓይነት ካርድ የያዙ ሁለት ሰዎች የተለያየ መብት ሊኖራቸው ይችላል። ኤችአር (የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል) ጋ ሄዳችሁ «ፕላናችን አሠሪው ራሱ የሚከፍለው ነው ወይስ ከኢንሹራንስ ኩባንያ የተገዛ?» ብላችሁ ጠይቁ። የተገዛ ከሆነ ቅሬታችሁን የስቴቱ ኢንሹራንስ ቢሮ ይሰማል። አሠሪው የሚከፍለው ከሆነ ወደ ፌዴራሉ የሠራተኛ ሚኒስቴር ነው። ከላይ ያነሳኋቸው የኖ ሰርፕራይዝስ አክት መብቶች ግን በሁለቱም ላይ ይሠራሉ። የሕጉ ትልቁ ጥንካሬ ይመስለኛል።

ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ሜዲኬይድ፣ የራሱ ሥርዓት አለው። ሕጉ ታካሚው ብቁ የሆነ ማንኛውም ሐኪም ጋ መሄድ ይችላል ይላል። ይሁን እንጂ በሰኔ 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ታካሚው ራሱ ይህን ለማስከበር በፌዴራል ፍርድ ቤት መክሰስ እንደማይችል በ6 ለ 3 ወስኗል። የሚከሰስበት በር የሌለው መብት ምን ያህል መብት እንደሆነ ፍርዱን አንባቢ ይስጥ።

በዋናነት ለአዛውንቶች ስለሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ስለ ሜዲኬር፣ ለአዛውንቶቻችን አንድ ነገር እላለሁ። መደበኛው ሜዲኬር ኔትወርክ የለውም። ሜዲኬር የሚቀበል ሐኪም ካለ አገር ውስጥ የትም ያክማል። ሜዲኬር አድቫንቴጅ ግን በግል ኩባንያ የሚሸጥ፣ ኔትወርክ ያለው ፕላን ነው። የጥርስና የመነጽር ጥቅም ስላለው ይማርካል። ጥሩም ሊሆን ይችላል። ግን እናታችሁ ከመፈረማቸው በፊት የሐኪሞቻቸውን ስም አንድ በአንድ አጣሩላቸው። ፈርመው ከተጸጸቱ ከጥር 1 እስከ መጋቢት 31 ባለው ጊዜ መለወጥ ወይም ወደ መደበኛው መመለስ ይቻላል። ሲመለሱ ግን ተጨማሪውን ኢንሹራንስ፣ ሜዲጋፕን፣ ማግኘት ሊያስቸግር ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

በራሳችን ቋንቋ የመጠየቅ መብት

እነዚህን ሁሉ ጥያቄዎች በእንግሊዝኛ መጠየቅ ይከብዳል። ግዴታም የለባችሁም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ኢንሹራንሶች ነፃ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ በከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉ ቋንቋዎች አንዱ ነው። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ከኢንሹራንስ የሚመጣውን ደብዳቤ ጀርባ ገልብጣችሁ እዩ። በአማርኛ የተጻፈ መስመር ብዙ ጊዜ አለ፤ መደወያው እዚያ ላይ ነው።

ልጆቻችንን አስተርጓሚ ማድረግ ግን ይቅር። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የእናቷን የማሕፀን ምርመራ ውጤት መተርጎም የለባትም። ሆስፒታሉም እንድታደርገው መጠየቅ አይፈቀድለትም። አስተርጓሚ የለንም ካሏችሁ በስልክ እንዲያገናኙ ጠይቁ፤ አሁን በየቦታው የተለመደ ነው።

አልከፍልም ሲሏችሁ

ኢንሹራንሱ እምቢ ካለ ነገሩ አላለቀም። እምቢታው ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ ይግባኝ ለማለት 180 ቀን አላችሁ። ሕክምናው አስቸኳይ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ መልስ መስጠት አለባቸው። ሐኪማችሁ ለምን እንደሚያስፈልጋችሁ ደብዳቤ ይጻፍ፤ ይህ ከሁሉም ይበልጥ ይረዳል። እንደገና እምቢ ካሉ በአራት ወር ውስጥ ጉዳዩን ከኩባንያው ውጭ ወደሆነ ገለልተኛ ገምጋሚ መውሰድ ትችላላችሁ። በሕክምና አስፈላጊነት ላይ የተነሣ ክርክርም ሆነ ያልታሰበ ቢል የሚመለከት ጉዳይ እዚያ ይታያል። ክፍያ ካለውም ከ25 ዶላር አይበልጥም። እናንተን ወክሎ ልጃችሁ፣ ሐኪማችሁ ወይም የምታምኑት ሰው ማመልከት ይችላል። ገምጋሚው ለእናንተ ከወሰነ ኩባንያው የመክፈል ግዴታ አለበት።